ከስደት ብቸኝነት ተከታታይ ሥዕል እንዴት ይሠራል?

ስለ ብቸኝነት ሥዕል ሥራ ቢባል አብዛኛው ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይዞ ይመጣል። ጨለማ ክፍል፣ መስኮት፣ ራሱን በእጁ የያዘ ሰው። ስለ ጥቁርነት ሲባል የተጨበጠ ቡጢ። ስለ ማኅበረሰብ ሲባል መሶብ የከበቡ እጆች። እነዚህ ሥዕሎች አያስቀይሙም። ግን የማን እንደሆኑ አይታወቅም። ዛሬ አይታችሁ ነገ ትረሷቸዋላችሁ።

እዚህ የማቀርበው አሠራር ለየት ይላል። ስሜቱን ትታችሁ፣ ስሜቱ የመጣባችሁን ቦታ፣ ሰዓትና ዕቃ ትሥላላችሁ። ሁሉን ነገር አንድ ትልቅ ሸራ ላይ ከመከመር በ12 ትንንሽ ሰሌዳዎች ትከፋፍሉታላችሁ። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይኖራል። ሙያተኛ መሆን አይጠበቅባችሁም። በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ከቻላችሁ ይበቃል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው እንኳ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢመድብ በሦስት አራት ወር ይጨርሰዋል።

የጻፍኩት ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁትን እያሰብኩ ነው። ጅዳ ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ አውቶቡሱንና መንገዱን በራሳችሁ ቀይሩ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዘዴው ከየት መጣ?

ጄኮብ ሎውረንስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሠዓሊ ነበር። በ1917 አትላንቲክ ሲቲ ተወለደ። ወላጆቹ ከደቡብ ወደ ሰሜን የፈለሱ ናቸው። ልጅ እያለ እናቱ ኒው ዮርክ ሥራ ፍለጋ ሄደች፤ ልጆቹ ፊላደልፊያ በማደጎ ቆዩ። 13 ዓመት ሲሞላው ሃርለም መጥቶ ከእናቱ ጋር ተቀላቀለ። እናት ቀድማ ትሄዳለች፣ ልጅ ይቀራል፣ ከዓመታት በኋላ ይገናኛሉ። ይህን ለሀበሻ ማብራራት አያስፈልግም።

እናቱ ሥራ ውላ እስክትገባ ልጁ ሰፈር ውስጥ ባለ የልጆች ማዕከል ሥዕል ይማር ነበር። እዚያው ሃርለም ውስጥ ከታላላቅ ጥቁር ሠዓልያን ሥር ሆኖ አደገ። ከዚያ በ1940 እና በ1941 ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሞች ስላደረጉት ታላቅ ፍልሰት 60 ሰሌዳዎች ሠራ። ሥራው ሲጠናቀቅ ገና 23 ዓመቱ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። መጀመሪያ ሃርለም 135ኛው መንገድ ላይ ያለው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አነበበ። ለእያንዳንዱ ሥዕል አጭር ዓረፍተ ነገር አዘጋጀ። በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ግዌንዶሊን ናይት የባርባዶስ ተወላጅና ራሷም ሠዓሊ ነበረች፤ ሰሌዳዎቹን በማዘጋጀትና በጽሑፉ ረዳችው። ከዚያ 60ዎቹን ሰሌዳዎች በአንድ ጊዜ ጀመራቸው። አንድ ቀለም ወስዶ በሚያስፈልግበት ሰሌዳ ሁሉ ላይ ቀባ። ከጥቁሩ ተነሥቶ ወደ ፈዛዛዎቹ ሄደ። ለዚህ ነው 60 ሥዕል አንድ ሥራ የሚመስለው። ሰሌዳዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ 30 በ46 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቅርጾቹ ትልልቅ፣ ቀለሙ ወጥ ነው። ፊት ላይ ዝርዝር የለም ማለት ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

አንደኛ፦ ሄዳችሁ እዩ

ሥራው በ1941 ኒው ዮርክ ውስጥ ታየ። በኋላ ሁለት ሙዚየሞች ተካፈሉት። ጎዶሎ ቁጥሮቹ ዲሲ፣ ዱፖንት ሰርክል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ፊሊፕስ ኮሌክሽን ናቸው። ሙሉ ቁጥሮቹ ኒው ዮርክ፣ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም። ሁሉም ሁልጊዜ አይሰቀሉምና ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። የተሰቀለ ከሌለ በድረ ገጽ ላይ በሙሉ ይገኛሉ።

ሦስቱን በደንብ እዩልኝ።

15ኛው ጥቁሮችን ያለ ፍርድ በገመድ ሰቅሎ መግደልን ነው የሚናገረው። ሎውረንስ የተሰቀለ ሰው አልሣለም። ባዶ ገመድ የተንጠለጠለበት ቅርንጫፍ አለ፤ ከሥሩ አንድ ሰው ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። በቃ። ግፍን ለመናገር የተገደለውን ገላ ማሳየት ግድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

49ኛው ሰሜን ያለ ምግብ ቤት ነው። ነጮች በአንድ በኩል፣ ጥቁሮች በሌላ በኩል ይበላሉ። መሐል ላይ ቢጫ አጥር ጠመዝመዝ እያለ ይወርዳል። ሥዕሉ ውስጥ የሚጮህ ሰው የለም። ሁሉን የሚናገረው ቢጫው ነው።

53ኛው ለእኛ ከባዱ ነው። ቀድመው ሰሜን የገቡ ጥቁሮች አዲስ መጤዎቹን እንዴት በንቀት እንደተቀበሏቸው ያሳያል። ሽክ ብለው የለበሱ ባልና ሚስት ናቸው። "ትናንት በዲቪ የመጣ" ሲባል የሰማ ሰው እዚህ ጋ ቆም ይላል። ሎውረንስ ስለ ወገኑ ሲሥል ይህን አልዘለለም። እናንተም አትዝለሉ።

ሁለተኛ፦ ሰብስቡ

ትንሽ ደብተር ግዙ። ስልክም ይሆናል፤ ግን ደብተር ይሻላል፣ ስልክ ወዲያው ወደ ቲክቶክ ይወስዳል። ሦስት ሳምንት ምንም አትሣሉ። ጻፉ ብቻ። ደብተሩን ሦስት ቦታ ክፈሉት።

የመጀመሪያው ክፍል ብቻችሁን የሆናችሁባቸው ቦታዎች ናቸው። "ብቸኝነት ተሰማኝ" ብላችሁ አትጻፉ። የፓርኪንግ ጎጆ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማሞቂያ ጻፉ። የአረጋውያን መጦሪያ ኮሪደር ላይ የሚበራውን የጥሪ መብራት ጻፉ። ፍሪዘር ውስጥ የተደረደረ እንጀራ፣ በላዩ ቀን የተጻፈበት። በክረምት ዲሲ ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት፣ በበጋ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ እናንተ ከሥራ ስትወጡ እናት ተኝታለች። ይህ ልዩነት በሁለት ሰዓት ግድግዳ ላይ ሊሣል ይችላል። አንድም ሰው አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ክፍል የቆዳ ቀለም ወደ ሕይወታችሁ የገባባቸው ጊዜዎች ናቸው። ብዙዎቻችን ጥቁር መሆናችንን የነገረን አሜሪካ ነው። አገር ቤት ጠይም፣ ቀይ፣ የቀይ ዳማ ተብለን አድገን፣ እዚህ ስንደርስ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ ተባልን። የሚነካ ዕቃ ፈልጉ። ፎርሙ ራሱ ዕቃ ነው። በ2020 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ "ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን" ከሚለው ሳጥን ሥር ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ምን መጻፍ እንደሚቻል በምሳሌ ሲዘረዝር "ኢትዮጵያዊ" የሚለውም ታትሟል። አንዷን ሰሌዳ እዚህ ላይ መሥራት ይቻላል፦ ጠረጴዛ፣ ቅጽ፣ ቦታው ላይ የቆመ እስክሪብቶ። ሌሎችም አሉ። በኋላ መስታወት ላይ የሚታይ የፖሊስ መብራት። ሱቅ ውስጥ ከኋላ የሚከተል ጥበቃ። ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ስለ ጸጉሯ የጠየቀችው ጥያቄ።

እዚሁ ክፍል ላይ የራሳችንንም ጻፉ። "እኛ ሀበሻ ነን፣ እንደነሱ አይደለንም" የሚለውን ወሬ በየቡናው ሰምተነዋል። አገር ቤት ሰው በመልኩ ምን እየተባለ እንደሚጠራም እናውቃለን። ፈረንጅ የሠራብንን ብቻ ሥሎ እኛ የምንሠራውን መተው ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ክፍል ሰው የተሰበሰበባቸው ቦታዎች ናቸው። መሶቡን ተዉትና ሰው በእውነት የሚሰበሰብበትን እዩ። የመርዶ ጠዋት ለምሳሌ። ሞት በስልክ አይነገርም፤ ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ይቆማል። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ካፖርት ለብሶ ሲያይ ያኔውኑ ያውቃል። ብቸኝነትና ማኅበረሰብ አንድ ደጃፍ ላይ የሚገናኙበት ሰዓት ነው። ይህን ማንም ሌላ ሠዓሊ ሊሥልላችሁ አይችልም።

ሦስተኛ፦ ከሥዕሉ በፊት ዓረፍተ ነገሩን

ከደብተሩ 30 ያህል ነገሮች ታገኛላችሁ። ለያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አጭር፣ ደረቅ፣ ያለ ስሜት ቅጽል። "ስደት መራራ ነው" ዋጋ የለውም። "ሁሉም ሰው ጨካኝ ነበር" አይሠራም። ይህ ግን ይሠራል፦ "ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አውቶቡሱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። ሦስታችንም ሀበሻ ነበርን። ማንም አላወራም።" ሦስት ሆነ፤ ግን አንድ ትንፋሽ ነው፤ ይፈቀዳል።

መፈተኛ ልስጣችሁ። ዓረፍተ ነገሩን አገር ቤት ላለ ሰው አንብቡለት። "እና ከዚያስ?" ካለ ጥሩ ነው። "አይዞህ" ካለ አዝናችሁ ጻፋችሁ ማለት ነው፤ እንደገና ጻፉት።

በአማርኛ ጻፉት። እንግሊዝኛው ከሥር በትንሹ ይከተል። ተመልካቻችሁ አሜሪካዊ ቢሆንም ፊደሉን ማየቱ ራሱ የሥዕሉ ክፍል ነው።

ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ የዘላለም አይደለም። ሎውረንስ ራሱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ጽሑፎቹን አሻሽሏቸዋል።

አራተኛ፦ ምረጡ፣ ደርድሩ

ከ30ው 12 አስቀሩ። ወረቀቶቹን መሬት ላይ ዘርግታችሁ አንብቡ። ተመሳሳዩን አውጡ። የሚያስፈራችሁን አንዱን ግን አስቀሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩው እሱ ነው።

በቅደም ተከተል ሥዕል መተረክ ለእኛ አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ሣጥኖች ከፋፍሎ፣ ከሥር በአማርኛ እየጻፈ የሚያሳየው የሸራ ሥዕል ብዙ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ብዙውን ጊዜ 44 ሣጥን አለው። እሱን አውጥታችሁ አንድ ማታ እዩት። ታሪኩ የሚዘልባቸውን ቦታዎች ልብ በሉ። መርከቡ ላይ ወጣች፤ ቀጣዩ ሣጥን ላይ ደርሳለች። መሐሉን ተመልካቹ ይሞላዋል። እናንተም ከአየር ማረፊያ ወደ መጀመሪያው ደመወዝ ብትዘሉ ማንም አይጠፋበትም።

ከ12ቱ ቢያንስ ሁለቱ ላይ ሰው አይኑር። ዕቃና ቦታ ብቻ። ዓይን ያርፋል፤ ሰው የሌለበት ሰሌዳም ስለ ብቸኝነት ሰው ካለበት የበለጠ ይናገራል። ደጃፉን ወይም ቡናውን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ "ደስ ብሎን ኖርን" ማለት ይቀናል። አታድርጉት። የተሰበሰበ ሰው መሐል ላይ ይግባ፣ ከሱ በኋላ ሌላ ሌሊት ይምጣ። ኑሮውም እንደዚያው ነው።

አምስተኛ፦ ዕቃው

ይህን በአጭሩ ልለፈው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሃርድቦርድ (ከተጨመቀ የእንጨት ክር የተሠራ ሰሌዳ) ግዙ። ትልልቆቹ የግንባታ ዕቃ መደብሮች በምትሰጧቸው መጠን ይቆርጡላችኋል። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ 14 አስቆርጡ፣ ሁለቱ ለመበላሸት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ከዚያ ነጩን መደብ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ አንዱን በቁመት፣ ሌላውን በወርድ፣ መሐል ላይ እስኪደርቅ ጠብቁ። ካልተቀባ ሰሌዳው ቀለሙን ይጠጣዋል። ጀርባውንም አንድ ጊዜ ቀቡት፤ አለበለዚያ ይጎብጣል።

ቀለሙ አክሪሊክ ይሁን። የዘይት ቀለም ይሸታል፣ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ አብረዋችሁ የሚኖሩት ሰዎች ያማርራሉ። ሎውረንስም የተጠቀመው በውኃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ነው። ስድስት ቱቦ ይበቃል፦ በርንት አምበር፣ በርንት ሲየና፣ የሎ ኦከር፣ አልትራማሪን ብሉ፣ አንድ ቀይ፣ ነጭ። ከነዚህ በላይ አንድ ደማቅ ቀለም እንደ ሎውረንስ ቢጫ ለራሳችሁ ምረጡ። እሱን አራት ሰሌዳ ላይ ብቻ ታውሉታላችሁ። ሁለት ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ አንድ ቀጭን፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ጠርሙሶች። ሌላ ነገር ሊሸጡላችሁ ይሞክራሉ፤ ተዉት።

ስድስተኛ፦ ንድፍ

መጀመሪያ በመዳፍ ልክ ወረቀት ላይ ንደፉ። ለያንዳንዱ ሰሌዳ ሦስት የተለያየ ንድፍ። ዝርዝር የለም፣ ትልልቅ ቅርጽ ብቻ። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ ይሻላል፣ የመጀመሪያው ሌላ ቦታ ያያችሁት ሥዕል ስለሆነ።

ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንዱ፦ ሰውየው ከምን ያህል ርቀት ላይ ነው ያለው? ብቸኝነት በርቀት ይሣላል። ትንሽ ሰው ሰሌዳው ጠርዝ ላይ፣ ሰፊ ባዶ መሬት፣ ወይም ብዙ ሰው ሆኖ ሁሉም ጀርባውን የሰጠ። የተከፋ ፊት አያስፈልጋችሁም። ፊቱን እንዲያውም ባዶ አድርጉት፤ እጆቹን ግን ትልቅ። የጥበቃ፣ የነርስ ረዳት፣ የታክሲ ነጂ እጅ ብዙ ያወራል።

ሌላው፦ የሚለየው ነገር ምንድን ነው? ስለ ቆዳ ቀለም በምትሠሩት ሰሌዳ ሁሉ ላይ የሆነ መለያ አለ። የባንክ መስኮት፣ የመኪና መስታወት፣ ባንኮኒ፣ የፎርሙ ሳጥን መስመር። እሱን ፈልጋችሁ ደማቁን ቀለማችሁን እዚያ ላይ አድርጉ። ቦታው ከታወቀ ክፉ ነጭ ሰውና ምስኪን ጥቁር ሰው መሣል አያስፈልግም።

እስራኤል ያላችሁ የኒሪት ታከለን ሥራዎች ተመልከቱ። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ በልጅነቷ እስራኤል የገባች ሠዓሊ ናት። ገላዎቹን እንደ ድንጋይ አግዝፋ ነው የምትሥለው፤ ስለ ወጣቶቻችንና ስለ ፖሊስ ስትሥልም ያን ግዝፈት አትተውም። የተበደለ ሰው ኮስሶ መታየት የለበትም።

ሰባተኛ፦ ቀለም መቀባት

12ቱን ሰሌዳ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ መሬት ላይ ደርድሩ። ንድፉን በእርሳስ አስተላልፉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀለም ለ12ቱም በሚበቃ መጠን በአንድ ጊዜ በጥብጡና ጠርሙስ ውስጥ ክደኑት። እያለቀ መልሶ መበጥበጥ አንድ ዓይነት አይመጣም። አክሪሊክ ሲደርቅ ጠቆር ይላል፤ ወረቀት ላይ ሞክራችሁ ጠብቁ።

ከጨለማው ጀምሩ። ጥቁር ቱቦ አላስገዛኋችሁም፣ ሆን ብዬ ነው። በርንት አምበርና አልትራማሪን እኩል ሲቀላቀሉ የሌሊት ጥቁር ይወጣሉ፤ ሰማያዊ ሲበዛበት ቀዝቃዛ፣ ቡናማ ሲበዛበት ሞቃት። የፓርኪንግ ጎጆው ሌሊትና የቤት ሌሊት አንድ ዓይነት ጥቁር አይደሉም። ይህን ከቱቦ አታገኙትም።

ቆዳ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነጭ በመጨመር ነው። ነጭ ቡናማን አመድ ያስመስለዋል። ማቅላት ስትፈልጉ የሎ ኦከር ጨምሩ። ለጠይም በርንት ሲየናና ኦከር፣ ጥቂት ሰማያዊ። ለየቀይ ዳማ ሲየናው ይብዛ፣ ሰማያዊው ይቅር። ለጠቆረው አምበር ከሰማያዊ ጋር፣ ብርሃን የሚያርፍበት ላይ ትንሽ ቀይ። ሦስት ጠርሙስ የቆዳ ቀለም አዘጋጁና ከዚያ አትውጡ። አሁን ግን አንድ ነገር መወሰን አለባችሁ። ሦስቱ ቡናማዎች ሁሉም ሰሌዳ ላይ ይቀላቀሉ ወይስ የፎርሙ ሰሌዳ ላይ ሁሉም ሰው በአንዱ ይቀባ? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አገር ቤት በተሣለው ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓይነት የነበሩ ሰዎች ከሳጥኑ በኋላ አንድ ቀለም ሲሆኑ፣ ያለ አንድ ቃል ጉዳዩን ተናገራችሁ።

አንድ ቀን አንድ ቀለም። ጠርዙ እንዲቆረጥ የምትፈልጉበት ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ደማቁ ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ስምንተኛ፦ ለሰው አሳዩ፣ ግን በጥንቃቄ

ሁሉም ከማለቁ በፊት፣ ስድስት ሰባቱ ሲያምሩ፣ ለሰው አሳዩ። የማኅበር ቀን ቡና ላይ ሦስት ሰሌዳ ይዛችሁ ሂዱ። ምን ለማለት እንደፈለጋችሁ አታስረዱ። ዓረፍተ ነገሩን አንብቡና ዝም በሉ። እትዬ እገሌ "ልጄ፣ መርዶ ላይ እኮ ሴቶቹ ነጠላውን እንዲህ አይደለም የሚያጣፉት" ካሉ ወዲያው አስተካክሉ። እንዲህ ያለውን እርማት ምንም ትምህርት ቤት አይሰጣችሁም።

"ገመናችንን ለፈረንጅ ልታወጣ ነው?" የሚል ይኖራል። በተለይ ስለ ራሳችን ንቀት የሠራችሁት ሰሌዳ ላይ። አትቆጡ። ሰውየው ስለ ራሱ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ጠይቁት፦ "ጋሼ፣ ውሸት ነው ወይስ አይባልም ነው?" ውሸት ከሆነ አስተካክሉ። አይባልም ከሆነ ሰሌዳው ይቀመጥ።

የማይታለፍ ነገር ደግሞ አለ። ወረቀት ያላገኘ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ያለ ሰው ታሪኩን ነግሯችሁ ከሆነ ፊቱን፣ የሥራ ቦታውን ስም፣ የመኪና ታርጋውን፣ የገባበትን ቀን አታስገቡ። ፈቃዱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሥዕሉን አሳዩት፣ እምቢ ካለ ሰሌዳውን ቀይሩ። ያኔ ማንም ሰው "ሥነ ጥበብ ነው" ቢላችሁ አትስሙ።

አብሮ መሥራትም ይቻላል። ዲሲ ውስጥ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ግድግዳ የሁለት ሠዓልያን ሥራ ነው፤ የእስክንድር ቦጎስያንና የከበደች ተክለአብ። እስክንድር ከ1972 ጀምሮ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ከበደች ወደ አሥር ዓመት ገደማ ሶማሊያ ውስጥ ታስራ ቆይታ ነው አሜሪካ የመጣችው። ሁለት ዓይነት ስደት አንድ ግድግዳ ሠራ።

ግን ወዳጆቻችሁ ካልመጡ አትጠብቁ። ጥቁር አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮማሬ ቤርደን ኒው ዮርክ ውስጥ ቀን የከተማው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበር፤ የሚሥለው ማታና ቅዳሜ እሑድ ነው። በ1963 ጥቁር ሠዓልያን ስፓይራል የሚባል ቡድን ሲያቋቁሙ አንድ ላይ ኮላዥ (ቁርጥራጭ ወረቀትና ፎቶ ተለጣጥፎ የሚሠራ ሥዕል) እንሥራ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ብዙም የጓጓለት አልነበረም። ብቻውን ቀጠለ፤ በ1964 ያሳያቸው ኮላዦች ናቸው ስሙን ያስጠሩት።

ዘጠነኛ፦ መስቀል

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የሀበሻ ምግብ ቤት ኮሪደር፣ ሁሉም ይሆናል። እኔ ምግብ ቤቱን እመርጣለሁ። ሰው ጠረጴዛ እየጠበቀ ቆሞ ያነባል፤ ጋለሪ የማይገቡት ደግሞ እዚያ ይገባሉ። ባለቤቱን በሥራ ሰዓት አትጠይቁ፤ ማክሰኞ ከሰዓት ሂዱ።

የሰሌዳው መሐል ከወለሉ 145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። በመሐላቸው አንድ መዳፍ ያህል ክፍተት ተዉ። ከግራ ወደ ቀኝ በቁጥር። ጽሑፉ ትልቅ ይሁን፤ ጋሼና እትዬ መነጽር ረስተው ነው የሚመጡት። ዋጋ መለጠፍ ከፈለጋችሁ ለተናጠል ሰሌዳ አትለጥፉ፣ ለ12ቱ በአንድ ላይ ነው። የሎውረንስ 60ዎቹ እንኳ ሲከፈሉ ሁለት ቦታ ላይ ቀርተዋል። የእናንተን 12 ሰሌዳ ግን 12 ሰው ወደ 12 ቤት ከወሰደው መልሶ የሚሰበስበው የለም።

ከመስቀላችሁ በፊት እያንዳንዱን በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ ሳታበሩ ፎቶ አንሱ። ጀርባው ላይ ቁጥሩን፣ ስማችሁን፣ ዓመቱንና ዓረፍተ ነገሩን በእርሳስ ጻፉ። ሲወርዱ በመሐላቸው ንጹሕ ወረቀት አድርጉና በካርቶን አቁማችሁ አስቀምጡ። ምድር ቤት አታስገቧቸው፤ እርጥበት ሃርድቦርድን ያብጠዋል። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከካፖርቱ ጀርባ፣ በደንብ ይቀመጣሉ።